ሃይላንድ ይዞ ወደ ፍልውሃ

በረሃ ውስጥ ያለ ምንጭ ሊያይ የሚነሣ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ነገር ውሃ ነው። እኛ 52 ሆነን በሁለት ኮስተር ስንነሣ አሥር እሽግ ሃይላንድ ጭነናል። ሃይላንድ የአንድ ምርት ስም ነበር፤ ኋላ የታሸገ ውሃ ሁሉ፣ ቀጥሎም ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ በዚያው ተጠርቶ ቀረ። የፈረንጅ ቃሉ ሲፈታ ደጋ ማለት ነው። እንግዲህ ከደጋ ተነሥተን፣ ደጋን በላስቲክ አሽገን፣ ውሃ ለማየት ወደ ቆላ ወረድን ማለት ነው። ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መስቀል አደባባይ የተገተረ ሰው እንኳን የቃል ፍቺ የገዛ ስሙም በቅጡ ትዝ አይለው።

ጊዜው ጥር ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ምድሩ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር። ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው፦ "የአንድ ቀን ሃይኪንግ ወደ በረሃው ገነት፣ አዋሽ ፍልውሃ።" ከሥሩ ዋጋው የሚያካትተው ተዘርዝሯል፤ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ መግቢያ፣ ስካውት፣ ፎቶ፣ ቲሸርት። የክብደቱ ደረጃ "መካከለኛ" ይላል። መካከለኛው ምኑ እንደሆነ የገባኝ ማታ ስመለስ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ለእናቴ "ቅዳሜ ፍልውሃ እሄዳለሁ" ብላት፣ "ምንህን አመመህ?" አለችኝ።

አልፈርድባትም። እሷ በምታውቀው ዓለም ሰው ወደ ምንጭ የሚሄደው ሲያመው ነው። የባሰበት ጠበል ይገባል፣ ቁርጥማት የያዘው ሶደሬ ይወርዳል። ሳያመው ከቤት የሚወጣ ካለ ለሽርሽር ነው፤ ሽርሽር ደግሞ ምግብ አለው፣ ጥላ አለው፣ መሄድ ግን የለውም። መሄድ ያለበት ነገር መንገድ ይባላል፣ መንገድም ጉዳይ አለው፤ ለቅሶ፣ ገበያ፣ ንግሥ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ። ያለ ጉዳይ በፀሐይ ሲኳትን የተገኘ ሰው ወይ ከባለ ዕዳ ሸሽቷል፣ ወይ ዘመድ ካለው ዘመድ ይጠራለት። ገጠር ያለው አጎቴ በሳምንት ሁለት ቀን ገበያ ለመድረስ ደርሶ መልስ ስምንት ሰዓት በእግሩ ይሄዳል። ሃይኪንግ እንደሚወድ የነገረው ሰው እስካሁን የለም።

"ደግሞስ ፍልውሃ ከሆነ እዚህ ታች አለ አይደል? አዋሽ ድረስ ምን አስኬደህ?" አለችኝ ቀጥላ።

ከቤታችን በአንድ ታክሲ የሚደረስ የፈላ ውሃ ትቼ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የምሄድበትን ምክንያት ብፈልግ አጣሁት። "እሱ የበረሃ ነው" አልኳት። ዝም ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ አምስት ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ተመለሰች። "እንግዲያው ለጉልበቴ ሞልተህልኝ ና።"

ሃይኪንግ፣ ጀሪካን ይዞ! በዚያ ሁሉ ባለ ቦርሳ ፊት! ቅዳሜ ሌሊት ጀሪካኑን ከበር ጀርባ አስቀርቼ በጥፍሬ ቆሜ ወጣሁ።

በዝግጅት በኩል እንዳልታማ አስቀድሜ ሳልባጅ ተራ ወርጄ ጫማ ገዝቻለሁ። ሻጩ "ይሄ የተራራ ነው ጌታዬ፣ አያረጅም" ብሎኛል። አልዋሸም። ውስጡ በጠጉር የተለበጠ፣ ለበረዶ ተራራ የተሠራ ጫማ ነው። መተሐራ ስንደርስ እግሬ ከሁላችንም ቀድሞ ፍልውሃ ገብቶ ነበር። ግን እኔ ደህናው ነኝ። የመሶብ ክዳን የሚያህል ባርኔጣ የደፋች ልጅ አለች፤ መኪና ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው አንገቱን አዘንብሎ ነው አዳማ የደረሰው። ሁለት የመሄጃ ዱላ የያዘ ጎልማሳ አለ፤ ዱላዎቹ በኮስተሩ መተላለፊያ ተጋድመው ለአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ሰው ጥለዋል። ለደርሶ መልስ ጉዞ ድንኳን ያዘለ አለ። የሠርግ ዳስ የሚያናውጥ ስፒከር የተሸከመ አለ።

ከዚህ ሁሉ መሀል አንዲት አዛውንት ነበሩ። ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው፤ ሁላችንም እንደ ልጃቸው እቴቴ አልናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው የቆሎ ፔስታል፣ በሌላው አሥር ሊትር ጀሪካን አንጠልጥለዋል። የጀሪካኑን ቢጫ ሳይ የገዛ ደጃፌ ትዝ አለኝና ፊቴን አዞርኩ።

11 ሰዓት እንነሣለን የተባለው 1 ሰዓት ከ20 ሆነ። በሰዓቱ የመጣ ሰው እንደ ወጉ ቅጣቱን ብርድ ላይ ቆሞ ተቀበለ። ያረፈዱት ግን ከዘመቻ እንደ ተመለሰ ሠራዊት በጭብጨባ ነው የገቡት። ሁላችንም ደማቅ ቢጫ ቲሸርት ታድለናል፤ ደረቱ ላይ "ተፈጥሮ ትጣራለች" ይላል።

የአዲስ አበባ አዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ ስንገባ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው አስተባባሪያችን ተነሥቶ ትውውቅ አስጀመረ። እያንዳንዱ ስሙን፣ ሥራውንና ለምን እንደመጣ ይናገራል። በእኛ መኪና 26 ሰው ነበር፣ 25ቱ "ተፈጥሮ ስለምወድ" አለ። በዚህ መሀል ተፈጥሮ በግራም በቀኝም እያለፈች ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ የዝቋላ ተራራ ከሩቅ ቁጭ ብሏል። እኛ ግን ፀሐይ እንዳይገባ መጋረጃውን ዘግተነዋል። ሃያ ስድስተኛዋ እቴቴ ነበሩ፤ "እኔ ለወገቤ ነው" አሉና ቁጭ አሉ።

መጋረጃው የተገለጠው መተሐራ ጫፍ፣ በሰቃ ሐይቅ ስንደርስ ነው። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲታይ በእውነት ያስደነግጣል። "ዋው! ሐይቅ!" ተባለ፣ ቁሙ ተባለ፣ ወረድን። በሰቃ ለአሥርተ ዓመታት እየሰፋ የመጣ ሐይቅ ነው። ከ60 ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 አልፏል። ከመስኖ የሚሾልከው ውሃ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ጨው አለበት፣ የሸንኮራውን እርሻ ያስፈራራል፣ መንገድና ሐዲድ አስነሥቷል። ይህን ለጎኔ ልጅ ሳጫውተው ስልኩን ወደ ሐይቁ ይዞ፣ "ብቻ እንኳን ሰፋ፤ ለፎቶ ይመቻል" አለኝ። የመተሐራን ገበሬ በዚያ ባለማየታችን አመሰገንኩ።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ለሁለት ተከፍሏል። በ1966 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቋቋም ምድሩ ባዶ አልነበረም፤ የከረዩና የአፋር ከብት ይግጥበት ነበር። ለእኛ መግቢያ የሚከፈልበት መዝናኛ የሆነው ለእነሱ የተቀነሰ ግጦሽ ነው። ፍልውሃው በሰሜን በኩል፣ ከፈንታሌ ተራራ ማዶ ነው፤ ከአስፋልት የሚያስገባው የአፈር መንገድ ነው። ሹፌሩ ጎማውን ወረድ ብሎ አየና "ይሄ የላንድክሩዘር መንገድ ነው" አለ። አስተባባሪው "ባለፈው ገብተንበታል" አለው። ባለፈው የገቡት በላንድክሩዘር መሆኑ የተገለጸው የመጀመሪያው ኮስተር እስከ ሆዱ አሸዋ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ወንዶች ገፋን፣ ሴቶች ቪዲዮ ቀረጹ። ከፓርኩ የተሰጠን ስካውት ክላሹን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና ግራር ሥር ተቀመጠ። ሰባት ጊዜ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" ብለን ስምንተኛው ላይ ያ ባለ ሁለት ዱላው ጎልማሳ ዱላውን ከጎማው ሥር ሰጠ። ዱላው ተሰበረ። ኮስተሩ ግን አልወጣም። በመጨረሻ ሹፌሮቹን እዚያው ትተን በእግር ተነሣን።

አሁን ልብ በሉ። 52 ሰው ሃይኪንግ ብሎ ከፍሏል፣ 52 ሰው በረሃ ላይ በእግሩ እየሄደ ነው፣ 52ቱም ተናዷል። "ሃይኪንጉ መቼ ነው የሚጀመረው?" የሚል ነበር። "እኔ እንደዚህ መሆኑን ባውቅ አልመጣም ነበር" የሚልም ነበር። ገንዘብ ይመለስ የሚል ቡድን ከኋላ ተደራጀ። ከአንድ ሰዓት በላይ በሄድንበት በዚያ መንገድ አንድም ፎቶ አልተነሣም። በስተቀኛችን፣ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ አንድ ሳላ ቆሞ ነበር። ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ፣ ፊቱ በጥቁርና በነጭ ተኳኩሎ፣ የ52 ቢጫ ቲሸርት ሰልፋችንን በትዕግሥት ተመለከተ። ለእቴቴ አሳየኋቸው። "ተፈጥሮ የምትሏት እሷ ናት?" አሉኝ።

በዚያ ምድር በእግሩ የሄደ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አውቃለሁ፣ በመጽሐፍ። ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል፤ አባቱ የእንግሊዝ መልእክተኛ ስለነበሩ በ1910 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተወለደው አዲስ አበባ ነው። በ23 ዓመቱ፣ በ1933 መጨረሻ፣ ግመል ጭኖ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚቀር ለማየት ወንዙን ተከትሎ ወረደ፤ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር ዐየ፤ በግንቦት 1934 ታጁራ ደረሰ። ስድስት ወር ያህል ነው። መድረሻው ላይ ቲሸርት የሰጠው የለም።

ፍልውሃው ያምራል። ይህን ሳልል ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጥቁር ድንጋይና ግራር ብቻ ሲያይ የዋለ ዓይን ድንገት በዘንባባ ጫካ ይሞላል። ውሃው ጠጠሩ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ያለ ነው፤ እየጠለቀ ሲሄድ ሰማያዊ ይሆናል። ዘንባባው እንደምናውቀው ዘንባባ አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ ባላ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እየተከፈለ ይወጣል። አፋሮች በቅጠሉ ሰሌን ይሠራሉ፣ ቤታቸውንም በዚያው ያለብሳሉ፤ ፍሬውም ይበላል። ከእኛ አንዱ "ኮኮናት ነው" ብሎ ለጓደኛው አስረዳ። ጓደኛው የወደቀ ፍሬ አንሥቶ ድንጋይ ላይ አድርጎ በድንጋይ መታው። የዚህ ዘንባባ ፍሬ ውስጡ እንደ አጥንት የጠነከረ ነው። የተፈነከተው ጣቱ ነው።

የደረስነው ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ ከአናት፣ ውሃው ከእግር። ስካውቱ በትሕትና፣ "ሰው ወደዚህ ውሃ የሚገባው ማለዳ ወይ አመሻሽ ላይ ነው፤ አሁን ከብቱም ጥላ ሥር ነው" አለን። አልሰማነውም፤ መርሐ ግብሩ ላይ "7፡00 ዋና" ይላል። አንዱ ጎረምሳ ተንደርድሮ ዘለለ፤ ከዘለለው ፈጥኖ ወጣ። "ያቃጥላል!" ብሎ ጮኸ። ሌላውም ገባና "ኧረ ያቃጥላል!" አለ። እቴቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀስ በቀስ እያለማመዱ፣ "ስሙ ላይ አለ እኮ ልጆቼ" አሉ።

የሚያቃጥልበት ምክንያት ሩቅ አይደለም። ዝናብ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ በስምጥ ሸለቆው ስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ከሥር ካለው ትኩስ ዐለት ተጠግቶ ይግላል፣ መውጫ ሲያገኝ ይፈልቃል። ፈንታሌ 2,007 ሜትር የሚደርስ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው፤ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። እንግዲህ ከምንጩ የሚወጣውም ሲመረመር ያው ሃይላንድ ነው፣ የፈላ ሃይላንድ። ልዩነቱ መንገድ ላይ ማዕድን መሰብሰቡ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ሲጠጡት ለኖሩት ጥርስ አይበጅም። አንዱ እንደ ጠበል ሊጠጣው እፍኙን ሲሞላ ስካውቱ ጠርሙስ ወረወረለት። ሃይላንድ።

(በመስከረም 2017 ዓ.ም. ምድሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምርና ንዝረቱ አዲስ አበባ ሲሰማ፣ የኮንዶሚኒየሙ ሰው በሌሊት ልብሱ ደረጃውን ሲወርድ እኔም ከወረዱት አንዱ ነበርኩ። ግቢው ውስጥ ጋቢ ለብሼ ቆሜ የመጣልኝ ሐሳብ ፈንታሌ ያኔ ለጠየቅነው መልሶ ሊጠይቀን መጣ የሚል ነው። እኛ ስንሄድ ያለ ቀጠሮ ነው፣ እሱም እንዲሁ። ቀልዱ ግን ለእኛ ነው፤ እዚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሥቷል።)

ወደ ገነቱ ልመለስ። ከዋናው ኩሬ ዳር አንድ ዘንባባ ወደ ውሃው ተጋድሞ በቅሏል። 30 ሰው ተሰለፈለት። የጠበል ወረፋ እንኳን እንዲህ ሥርዓት ኖሮት አያውቅም፤ ቀድሞ የመጣ፣ ቦታ ያስያዘ፣ "ከእሷ ጋር ነኝ" የሚል፣ ሁሉም አለ። ፎቶ አንሺያችን እያንዳንዱን ዘንባባው ላይ ካስቀመጠ በኋላ ያስተምራል፦ "ወደ እኔ አትዪ። ውሃውንም አትዪው። ሩቅ፣ ሩቅ ተመልከቺ፤ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለሽ።" 30 ሰው በየተራው ጀርባውን ለምንጩ ሰጥቶ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሆነ። እኔም በተራዬ ትዝ አለኝ፤ ጀሪካኑ ነው። ፎቶው ላይ በጣም ጥልቅ ሰው እመስላለሁ።

ኩሬው በዚያ ሁሉ ጊዜ ባዶውን ነበር። ፀጉር የተሠራ አይገባም፣ ስልክ የሚጠብቅ አይገባም፣ ተራው የደረሰ አይገባም። እቴቴ ብቻ ከነጠላቸው ጋር ጥላ ሥር ቁጭ ብለው፣ እስከ ጉልበታቸው ነክረው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ውሃውን ያያሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። አስተባባሪው መጥቶ "እቴቴ፣ ደበረዎት እንዴ? አክቲቪቲ እንጀምር?" ቢላቸው፣ "እኔ ጀምሬያለሁ የኔ ልጅ" አሉት።

ከዚያ ሃይኪንጉ በይፋ ተጀመረ። ኩሬውን ዞሮ መምጣት ነው፤ ሩብ ሰዓት ፈጀ።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ አንድ የአፋር ሽማግሌ ግመሎቻቸውን እየነዱ ውሃው ጋ ደረሱ። ጊሌ የሚባለው ጩቤ ወገባቸው ላይ፣ በትር ትከሻቸው ላይ። ስካውቱ ገና ሲያያቸው ተነሣ፣ እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፣ ቁጭ አሉ፣ ጀመሩ። ዳጉ ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ከየት እንደመጣ፣ በዓይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን ለይቶ፣ አንድ በአንድ ያወራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ ማን ታመመ፣ ምን እንግዳ ነገር አለፈ። ያልታየውን ታየ ማለት ነውር ነው። እንዲህ እየተቀባበለ ወሬው ከእግረኛ ወደ እግረኛ በረሃውን ያቋርጣል።

ሽማግሌው ስለ እኛ ቀድመው ያውቁ ነበር። ስካውቱ እየሳቀ ተረጎመልን፤ ሁለት መኪና እንደመጣ፣ አንዱ እንደተቀበረ፣ የት ቦታ እንደተቀበረ፣ ስንት ሰዓት እንደገፋን፣ ዱላ እንደተሰበረ። እኛ ከጠዋት ጀምሮ "ኔትወርክ የለም" እያልን ስልካችንን ወደ ሰማይ ስናነሣ ወሬያችን በእግሩ ቀድሞን ደርሷል። አንድ ነገር ብቻ አልገባቸውም። "መንገድ ሠራተኞች ናቸው ወይ?" ብለው ጠየቁ። ቲሸርታችንን አይተው ነው።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ዳጉ ይጠየቃል። "ከየት መጣችሁ?" አሉን በስካውቱ በኩል። "ከአዲስ አበባ።" "ሰላም ነው? በመንገድ ምን አያችሁ?"

ዝም አልን። ባለ ባርኔጣዋ "ሐይቅ አይተናል" አለች። "በሰቃን ነው፤ ወዴት በኩል ገፋ?" አሉ። በየት በኩል እንደገፋ ማናችንም አላየንም፤ የት በኩል ለፎቶ እንደሚመች ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። "ደጋ ላይ ዝናብ አለ?" አሉ። እርስ በርስ ተያየን። አንዱ የስልኩን የአየር ትንበያ ሊያሳያቸው ሞከረ፤ አልከፈተለትም። "ሳላስ አላያችሁም? በዚህ በኩል አንድ ነበር።" ከ52 ሰው "አየሁ" ለማለት የደፈርነው እቴቴና እኔ ነን፤ እኔም ወዴት እንደሄደ ስጠየቅ አፈርኩ። እቴቴ ግን "ወደ ተራራው ነው፣ ግራ እግሩን ሸከፍ ያደርጋል" አሉ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከእኛ የተገኘው ዜና ይህ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ከእቴቴ ጋር ብቻ ነው። ስለ ወገብ ሕመም ይመስለኛል፤ ሁለቱም ወገባቸውን ይዘዋል።

ፊሽካው ተነፋ። "ወገኖች፣ ወደ መኪና! መሽቷል!"

ይሄን ጊዜ ነው እቴጌ ጣይቱ ትዝ ያሉኝ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከዚህ በማይለይ ጉዞ ነው እኮ። በ1879 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ኦሮሞዎቹ ፊንፊኔ የሚሉት የፈላ ውሃ ከሥር ነው። መኳንንቱ ገላ ሊታጠቡ፣ ቁርጥማት ሊያስለቅቁ ወረዱ፣ ድንኳን ተከሉ። እቴጌይቱ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩበት፣ ስም አወጡለት። ሊታጠቡ ወርደው ውለው አድረው እዚያው ከተሙ፤ የከተሙበት ቦታ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያለበት ከተማ ነው። ያን ቀን የእኛ አስተባባሪ እዚያ ቢኖርና በ10 ሰዓት ፊሽካውን ቢነፋ ኖሮ፣ "እቴጌ፣ ወደ በቅሎ! መሽቷል!" ቢል፣ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ኩሬው ጋ ተመለስኩ። እቴቴ ጀሪካናቸውን ሞልተው ክዳኑን በላስቲክ እያሰሩ ነው። እኔ ዘንድ አንድ ያልተከፈተ ሃይላንድ ከቦርሳዬ ጎን አለ። ደፍቼው ምንጩን ልሞላበት አሰብኩ። በረሃ ላይ የመጠጥ ውሃ መድፋት ሽማግሌው እያዩኝ አቃተኝ፤ ፊሽካውም ሁለተኛ ተነፋ፤ ተውኩት። የእቴቴን ጀሪካን ተሸክሜላቸው እስከ መኪናው ሄድኩ። አሥር ሊትር ውሃ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ጫማ። ሹፌሮቹ ከመንገደኛ ጋር ሆነው ኮስተሩን አውጥተውት፣ ጥላ ሥር ተኝተው ጠበቁን።

መመለሻው ላይ መንፈሳችን ተለወጠ። ኔትወርክ መተሐራ ላይ ተገኘ፤ መኪናው ጸጥ አለ፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። የስልኮቻችን የእርምጃ ቆጣሪ ከ18 ሺህ በላይ ጽፏል። ያ ገንዘብ ይመለስልን ያስባለ መንገድ፣ ያ የተረገመ አሸዋ፣ ከአዳማ በፊት "በሕይወቴ ምርጡ ሃይኪንግ" ሆኖ ተለጠፈ። "መካከለኛ" ያለው ለካ እሱን ነው፤ ተቀብሮ መግፋቱን ጨምሮ።

ቤት የደረስኩት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። እናቴ አልተኛችም። ጀሪካኑ ከበር ጀርባ ወጥቶ በሩ መሀል ቆሟል፤ እንዳገኘችው እንዳውቅ ነው። ጫማዬን ሳወልቅ ጠጉሩ ከካልሲዬ ጋር ተጣብቆ ወጣ።

"ረሳኸው" አለችኝ።

"ረሳሁት" አልኩ። እጇ ግን ቦርሳዬ ጎን ያለው ሃይላንድ ላይ አርፏል። ቀኑን ሙሉ በረሃ ለበረሃ፣ ከዚያም በኮስተሩ የኋላ መስኮት ፀሐይ፣ ከዚያም ሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ የመጣ ውሃ ነው፤ እስካሁን ሞቅ ይላል። በሁለት እጇ ያዘችው፣ ፊቷ በራ።

"ኧረ በዚህ ይዘህልኛል! ትኩስ ነው እኮ!"

አፌን ከፈትኩ። በከፈትኩት አፍ "አዎ" የሚለው ቃል ወጣ እንጂ ሌላውን እንዳሰብኩት መድኃኔዓለም ያውቃል። ወዲያው ጉልበቷን ገልጣ በመዳፏ እያፈሰሰች አሸችው። ግማሹን ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ አልጋዋ ሥር አኖረችው።

ጠዋት ቡና ላይ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወርዳ መውጣቷን ነገረችኝ። ጎረቤቶቻችን እትዬዎቹም ሰምተው መጥተዋል፤ ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ጀሪካን ይዘዋል።

"ደግሞ መቼ ነው የምትሄዱት?" አለችኝ እናቴ።